ሲኖሎጂ ዲኤስ223፦ ለሠርግ ፎቶ አንሺ የሚሆን የቤት ሰርቨር

የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ አነሳለሁ። ሙሽሮች ከዓመታት በኋላ ደውለው «የመልሱ ፎቶ አለህ?» ይሉኛል። እዚህም እዚያም በተበታተኑ ኤክስተርናል ዲስኮች ውስጥ መፈለግ ስለሰለቸኝ ፋይሎችን አንድ ቦታ አስቀምጦ በኔትወርክ የሚያቀርበውን ይህንን የሲኖሎጂ ሰርቨር ገዛሁ።

ትንሽ ሣጥን ነው፤ ድምፁም አይረብሽም። ሁለት ሀርድ ዲስክ ይይዛል። ባለ 4 ቴራባይት ሁለት አስገብቼ በሬይድ 1 አዋቀርኩት። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ስለሚጻፍ የሚገኘው ቦታ 4 ቴራባይት ብቻ ነው። ግን አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይቀጥላል።

በጣም የወደድኩት ስናፕሾቱን ነው፤ ፋይሎቹ በአንድ ጊዜ የነበሩበትን ሁኔታ መዝግቦ ያስቀምጣል። ረዳቴ ሳያስብ ፎልደር ቢያጠፋ እንኳ የትናንቱን መልሼ አወጣለሁ።

አዲስ አበባ ለምትኖሩ፦ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) እንዳትጀምሩት! መብራት ድንገት ሲሄድ በመጻፍ ላይ ያለ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ተስማሚ ዩፒኤስ በዩኤስቢ ካገናኛችሁት ግን ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩ ራሱ ሥራውን በሥርዓት ያቆማል። ለእኔ ከዲስኩ እኩል አስፈላጊ ወጪ ነው።

ቅር የሚለኝ ፍጥነቱ ነው። የኔትወርክ ፖርቱ ባለ 1 ጊጋቢት ስለሆነ በሴኮንድ ከ110 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። ራሙም 2 ጊጋባይት ነው፤ አይጨመርም። ከባድ ቪዲዮ እዚያው ላይ ኤዲት ማድረግ ለሚፈልግ አልመክረውም። ለማከማቻ ግን አሪፍ ነው።

ሬይድ ደግሞ ባክአፕ አይደለም። ሌባ ወይም እሳት ሁለቱንም ዲስክ አንድ ላይ ይወስዳል። ስለዚህ ሃይፐር ባክአፕ በሚባለው የሲኖሎጂ ፕሮግራም ሌላ ዲስክ ላይ እገለብጥና እህቴ ቤት አስቀምጠዋለሁ።