«ካምቢዮው ይውረድ» ያሉን ጋራዥና ያዳነን ጋራዥ

ለእረፍት አገር ቤት ገብቼ ስድስት ሳምንት ቆየሁ። ከዚያ ውስጥ አራት ቀን ያለቀው ጋራዥ ውስጥ ነው። ስለዚህ ስለ ሌላው አገልግሎት ብዙ የምለው የለኝም፣ ስለ ጋራዥ ግን አለኝ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው የመስክ መኪና የምትነዱ ወይም ለእረፍት ስትገቡ ከዘመድ የምትዋሱ ሰዎች አንብቡት።

መኪናው የታላቅ ወንድሜ ነው። የ1996 ሞዴል 80 ላንድክሩዘር፣ ቤንዚን፣ አውቶማቲክ። ወንድሜ እንደ ልጁ ነው የሚያየው። እኔ በገባሁ ቁጥር ያለ ምንም ቅሬታ ቁልፉን ይሰጠኛል፣ ለዚህም ነው በእኔ እጅ ሲበላሽ እንቅልፍ ያጣሁት።

ቀኑን ሙሉ ድንጋያማ መንገድ ላይ ውለን እየተመለስን ነበር። አንድ ዳገት ላይ ቆሜ ልነሳ ስል መኪናው እምቢ አለ። ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን ይንፏቀቃል። እንደ ምንም ሜዳው ላይ ስንደርስ ቀስ እያለ ፍጥነት ያዘ፣ ከያዘ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ መኪና ቀጥ ብሎ ሄደ። ቤት ደርሼ ወደ ኋላ ሳስገባው ጉልበቱ ሙሉ ነው። ይህችን የኋላ ማርሽ ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ የሄድነው ሰፊና ንጹህ ጋራዥ ነው። ስሙን አልጠራም። መስተንግዶው ጥሩ ነው፣ በቀጠሮ ያስገባሉ፣ ወረቀት ይሰጣሉ፣ መኪና ማንሻም አላቸው። አንድ ወጣት ገባ፣ በግራ እግሩ ፍሬን ረገጠ፣ ዲ ላይ አደረገና ነዳጁን እስከ መጨረሻ ተጫነው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሰዓቴን አየሁ፣ ሩብ ደቂቃ ያህል አልለቀቀም። የተቃጠለ ዘይት ሽታ እስከ እኔ መጣ።

ወረደና «ወንድሜ፣ እየተንሸራተተ ነው፤ ውስጡ ያሉት ፍሪሲዮኖች፣ ጉልበቱን የሚያስተላልፉት ሳህኖች፣ አልቀዋል። ካምቢዮው ይውረድና ኦቨርሆል ይደረግ» አለኝ።

ዘይቱን አይተኸዋል? አላየም። ኮምፒውተሩ የያዘውን የብልሽት ኮድስ አንብባችኋል? «ስካነራችን አላነበበውም፣ መኪናው የቆየ ነው» አለ። ለማሰብ አንድ ሌሊት ስጡን ብለን መኪናውን እዚያው አሳደርነው። ጠዋት ስንመለስ «ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮ የሚሄደውን ገመድ ትንሽ ጠበቅ አድርገንለታል፣ ለውጥ ካመጣ ብለን» አሉን። ለውጥ አላመጣም። የምርመራ ብለው ያስከፈሉንን ከፍለን ወጣን። እኔን ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም። አንድ ካምቢዮ ለማውረድ የበቃ ውሳኔ የዘይት መለኪያዋን እንኳ ሳይስቡ መወሰኑ ነው።

ሁለተኛው ቦታ ግቢው ጠባብ ነው። ማንሻ የለም፣ ቀጠሮ የለም፣ ተራ ጠብቀን ግማሽ ቀን አለፈ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም ጋሼ አልኳቸው። ደረሰኝ እስክንጠይቅ ድረስ አልተሰጠንም። እነዚህን ጉድለቶች ልንገራችሁ ብዬ ነው እንጂ ነገም ቢሆን የምመለሰው እዚያ ነው።

ጋሼ መኪናውን ከመንካታቸው በፊት አስር ደቂቃ ጠየቁኝ። ድንገት ነው የጀመረው ወይስ እየባሰ የመጣ? ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ወንዝ አቋርጣችኋል? ተጎትቷል? ዘይቱ መቼ ተቀየረ፣ ምን ዓይነት ገባ? የኋላ ማርሹስ? ኤል፣ ዝቅተኛው ማርሽ ላይ አድርገህ ሞክረሃል? የመጨረሻዋን አልሞከርኩም ነበር። «ድንገት ነው» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፍሪሲዮን ድንገት አያልቅም ልጄ። ሲያልቅ እያስጠነቀቀ ነው» አሉ።

ከዚያ ዘይቱ። ሩብ ሰዓት ያህል ነድተው አሞቁት፣ ሜዳ ላይ አቆሙት፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። ሞተሩ ሳይጠፋ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል በየቦታው እያቆዩ አዞሩትና ወደ ፒ መለሱት። መለኪያዋን ስበው ጠረጉ፣ መልሰው ከተው ሳቡ። ይህን ቅደም ተከተል ያላከበረ ልኬት ዋጋ የለውም፤ የዚህ ካምቢዮ ዘይት የሚለካው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲሞቅና ሞተሩ እየሠራ ነው፣ እንደ ሞተር ዘይት አጥፍቶ ጠብቆ አይደለም። ከጎደለ ፓምፑ አየር ይስባል። ከበዛ ደግሞ ውስጥ የሚሽከረከሩት ነገሮች ዘይቱን ይመቱትና አረፋ ያደርጉታል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም። ሁለቱም ያንሸራትታሉ፣ ሁለቱም ያለቀ ካምቢዮ ይመስላሉ።

የኛ ልኩ ላይ ነው። ጋሼ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አሳረፉና ለፀሐይ ያዙት። ቀይ ነው፣ ዳሩ ላይ ግን ቡናማ ያለበት። አሸተቱት። ለወንድሜ አሳዩትና «ይኼ ሽታ የትናንት ነው» አሉ። ነዳጅ ረግጦ ፍሬን ይዞ የሚደረገው ፈተና ከ5 ሰከንድ ማለፍ የለበትም፣ ካለፈ ዘይቱን ይቀቅለዋል። እሳቸው ጨርሰው አላደረጉትም። ሌላ መንገድ እያለ ለምን አቃጥለዋለሁ ነው ነገሩ።

ወንዝ ያሉትም በምክንያት ነው። ካምቢዮ የሚተነፍስባት ቀጭን ቱቦ አለችው። የጋለ ካምቢዮ ውሃ ውስጥ ሲገባ ድንገት ይቀዘቅዝና ወደ ውስጥ ይስባል፤ ቱቦዋ ከወለቀች ወይም ዝቅ ብላ ከተንጠለጠለች ውሃ ይጠጣል። የዘይት ማቀዝቀዣው ራዲያተር ውስጥ ሲቀደድም ውሃ ይገባል። ያኔ ዘይቱ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ ይሆናል። ዘይቱ እንዲህ ከሆነ መኪናውን ባለበት ማቆም ነው፣ ውሃ የፍሪሲዮኑን ሽፋን ከብረቱ ያላቅቀዋል።

ቀጥሎ የሆነውን ነው ወዳጆቼ ሁሉ እንዲያውቁት የምፈልገው።

ጋሼ እኔን መሪ ላይ አስቀመጡኝ። «ዲ ላይ አድርግና ተነስ» አሉ። ያው መንፏቀቅ። «አሁን ኤል ላይ።» ኤል ላይ አድርጌ ነዳጁን ነካ ሳደርግ ሁለት ቶን የሚያልፍ መኪና አፍንጫውን ቀና አድርጎ ዘሎ ሄደ። ደንግጬ ፍሬን ያዝኩ። ጋሼ ከውጭ ሆነው እጃቸውን አወዛወዙ፣ በቃ፣ ተመለስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ካምቢዮ ማርሹን የሚመርጡት ሁለት ሶሌኖይዶች ናቸው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ትንንሽ ቫልቮች። ኮምፒውተሩ አንዱን እያበራ ሌላውን እያጠፋ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ይላል። የሁለቱም መብራት ከተቋረጠ ካምቢዮው አይሞትም፤ ዲ ላይ አራተኛን ይይዛል፣ 2 ላይ ሦስተኛን፣ ኤል ላይ አንደኛን። መንገድ ላይ እንዳትቀር ብለው ነው እንዲህ የሠሩት። እኔ ዳገት ላይ የቆምኩት በአራተኛ ማርሽ ልነሳ እየሞከርኩ ነበር ማለት ነው። በአራተኛ የሚነሳ መኪና ደግሞ ሞተሩ ይጮኻል፣ አይሄድም፣ ከውጭ ላየው የተንሸራተተ ይመስላል። የኋላ ማርሹ ደህና የነበረውም ሶሌኖይዶቹን ስለማይጠብቅ ነው። ያለቀ ፍሪሲዮን ቢሆን ኤል ላይ እንዲያ አይዘልም ነበር።

ግን ይህ ከሆነ ዳሽቦርዱ ላይ «ኦቨርድራይቭ ኦፍ» (አራተኛው ማርሽ ተዘግቷል) የምትለዋ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች መናገር ነበረባት። አልተናገረችም። ጋሼ ቁልፉን ከፍተው ማርሹ እጀታ ላይ ያለችውን የኦቨርድራይቭ ቁልፍ ተጫኑ። መብራቷ መብራት ነበረባት፣ አልበራችም። ደግመው ተጫኑ። አልበራችም። አምፖሏ ተቃጥላለች! መቼ እንደተቃጠለች ወንድሜም አያውቅም። ዳሽቦርዱን ፈተው ቀየሯት፣ ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ እንደተነዳ ብልጭታው ጀመረ። መኪናው ለካ ሲጮህ የነበረው በተዘጋ አፍ ነው።

ስካነር አላስፈለገም። በዚህ ዘመን መኪና ኮፈኑ ስር ክዳኗ ላይ «ዲያግኖሲስ» የሚል የተጻፈባት ትንሽ ሳጥን አለች። ውስጧ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኙ፣ ቁልፉን ከፈቱ፣ ሞተሩን አላስነሱም። የወንድሜ ትንሹ ልጅ አብሮን ነበር። ጋሼ «አንተ ቁጠር» አሉት። ልጁ አፍንጫውን ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፎ ጮክ ብሎ ቆጠረ። ስድስት ብልጭታ፣ አጭር እረፍት፣ ሁለት። ረዘም ያለ እረፍት። ስድስት፣ ከዚያ ሦስት። 62 እና 63። አንደኛው ሶሌኖይድ፣ ሁለተኛው ሶሌኖይድ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ሶሌኖይድ ግዙ ይለን ነበር። ጋሼ ግን «ሁለት ሶሌኖይድ በአንድ ቀን አይቃጠልም» አሉና ኦም መለኪያ ይዘው ካርቶን ላይ ተኝተው መኪናው ስር ገቡ። ካምቢዮው ጎን ያለውን ሶኬት ነቅለው ለኩ። ሁለቱም 13 ኦም አካባቢ። መሆን ያለበት ከ11 እስከ 15 ስለሆነ ሶሌኖይዶቹ ጤነኛ ናቸው። ከዚያ ከኮምፒውተሩ የሚመጡትን የኤሌክትሪክ ገመዶች ከቦዲው ጋር ለኩ፣ ዜሮ። በመሃል የሆነ ቦታ ብረት ነክተዋል ማለት ነው።

በባትሪ መብራት ተከትለው አገኙት፣ እኔንም ጠርተው አሳዩኝ። ገመዱን የያዘው ማቀፊያ በድንጋይ ተመቶ ተሰብሯል። ገመዱ ወርዶ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ ተኝቷል። ጥቁሩ ላስቲክ እንደ ሻማ ቀልጦ ቧንቧው ላይ ተጣብቋል፣ ውስጡ ያለው መዳብ ራቁቱን ያበራል። ርዝመቱ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ካምቢዮ ይውረድ የተባለው ለዚህች ነው። የተቃጠለውን ቆርጠው፣ አዲስ ሽቦ በርሳስ በይደው፣ ሸፍነው፣ ከቧንቧው ርቆ ከፍ ብሎ በአዲስ ማቀፊያ አሰሩት።

ነድተን ስንሞክር አራቱም ማርሽ ተመለሰ። ግን እያንዳንዱን ሲቀይር ከኋላ በርግጫ የተመታን ያህል ይገፋናል። ጋሼ ኮፈኑን ከፍተው ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮ የሚወርደውን ገመድ አዩና ዝም አሉ። ያኛው ጋራዥ «ጠበቅ» ያደረገው ይሄንን ነው። ይህ ገመድ ለካምቢዮው ምን ያህል ግፊት እንደሚያስፈልግ የሚነግረው ነው። ነዳጁ ሙሉ ሲረገጥ ገመዱ ላይ ያለችው ትንሽ ማቆሚያ ከሽፋኑ ጫፍ ከ0 እስከ 1 ሚሊሜትር ብቻ ነው መራቅ ያለባት። ከጠበቀ ማርሹ እየዘገየና እየገፋ ይቀይራል። ከላላ ቶሎና ለስለስ ብሎ ይቀይራል፣ ደስ ይላል፣ ግን ግፊቱ ስለሚያንስ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ይጨርሰዋል። ወደ ልኩ መለሱት፣ ግፊያው ቆመ። በእጅ ሰዓታቸው ከኤን ወደ ዲ ሲገባ እስኪይዝ ያለውንም ለኩ፤ ከ1.2 ሰከንድ በታች መሆን አለበት፣ ወደ አር ሲገባ ከ1.5 በታች። ሁለቱም ደህና።

ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን ትራንስፈርም ሞከሩልን። ከባዱ ማርሽ ላይ ሲገባ የመሃሉ ዲፈረንሻል ስለሚቆለፍ አስፋልት ላይ ሲጠመዘዝ ፍሬን የተያዘ ይመስላል፣ ይህንንም ካምቢዮ ነው የሚሉ አሉ።

ዘይቱ ስለጋለ ይቀየር አሉ። ዘይት ሻጩ መኪናውን ጠይቆ፣ መዝገቡን አይቶ ዴክስሮን 3 ሰጠን፣ ፈጣን ነው፣ ቅሬታ የለኝም። የዘይቱ ሳህን ሲፈታ ጋሼ ማግኔቶቹን በጣታቸው አብሰው መዳፌ ላይ ቀቡልኝ። ለስላሳ፣ እንደ እርሳስ ዱቄት ያለ ግራጫ። ይህ የዕድሜ ነው። ጣት የሚቧጭር የብረት ስባሪ ቢኖር፣ ወይም ማግኔት የማይስበው ቢጫ ብናኝ ሳህኑ ላይ ቢገኝ፣ ያኔ ካምቢዮው ይውረድ ማለት ትክክል ነበር።

ስለዚህ እንደ እኔ ለእረፍት ገብታችሁ ጊዜ የሚያሯሯጣችሁ፣ «ይውረድ» ሲሏችሁ ተረጋጉና ጠይቁ። ዘይቱ በምን ሙቀት ተለካ? ኤል ላይ ተሞከረ? መብራቷ ትሠራለች? ኮዱ ስንት ነው? የኤሌክትሪክ ገመዱ ተለካ? የሠራ ሰው ቁጥር ይነግራችኋል። ያልሠራ ሰው ይቆጣል፣ የመጀመሪያው ጋራዥ ሰዎች እኔ ላይ እንደተቆጡት።

ልሰናበታቸው ስሄድ ጋሼ ለወንድሜ አንድ ነገር አዘዙት። ጠዋት ቁልፉን ስትከፍት ያቺን የኦቨርድራይቭ ቁልፍ ተጫን፣ መብራቷ መብራቷንና መጥፋቷን ሳታይ አትነሳ። ትናንት ስንደዋወል ጠየቅሁት። አሁን ቁልፉን የሚጫነው ትንሹ ልጁ ነው፣ «በራች፣ ጠፋች» ብሎ ይጮሃል፣ ከዚያ ይሄዳሉ።