«ኦቨርክሎክ ተደርጓል» ተብሎ የሚሸጥ ግራፊክስ ካርድ፦ ባሕር ዳር ያላችሁ ገዢዎች ተጠንቀቁ

ባሕር ዳር ላይ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ በተለይ ለዲዛይንና ለቪዲዮ ሥራ ዴስክቶፕ የምታስገጣጥሙ የፖሊ ተማሪዎች፣ ይህን ሳታነቡ ብር አትስጡ። ቴሌግራም ላይ «ኦቨርክሎክ የተደረገ (ከፋብሪካ ፍጥነቱ በላይ እንዲሠራ የተደረገ)፣ ተሞክሮ የሚሰጥ» እየተባለ ዋጋ ተጨምሮበት ከሚለጠፈው ካርድ መካከል ጭራሽ ፍጥነቱ ተቀንሶ፣ ሕመሙ ተሸፍኖ የሚቀርብ አለ።

ዘዴው እንዲህ ነው። ሻጩ ካርዱን የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ጌም ከፍቶ ያሳያል። የካርድን ፍጥነትና ኃይል የሚቆጣጠረውን ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የተባለ ፕሮግራም ከፍታችሁ ብታዩት ግን ፓወር ሊሚቱ (የኃይል ጣሪያው) ከ100 ወደ 70 ፐርሰንት ወርዷል፣ የሜሞሪ ክሎኩ (የካርዱ ሜሞሪ ፍጥነት) በ400 ወይም በ500 ሜጋኸርዝ ተቀንሷል፣ ፋኑ 100 ፐርሰንት ላይ ታስሯል። ዊንዶውስ ሲነሳ ቅንብሩ አብሮ እንዲነሳ የምታደርገዋ ምልክትም በርታለች። ሜሞሪው የደከመ ካርድ እንዲህ ተይዞ ግማሽ ሰዓት ያለ እንከን ሊሠራ ይችላል። ቅንብሩ የሚቀመጠው ግን ሻጩ ኮምፒውተር ውስጥ እንጂ ካርዱ ላይ አይደለም። ቤታችሁ ስትሰኩት ካርዱ በፋብሪካ ፍጥነቱ ይነሳል፤ ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብና ሰረዝ ይረጫል፣ ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ይወድቃል። ስትደውሉ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ፓወር ሳፕላይህ ደካማ ነው፣ እኔ ጋ ሠርቷል»።

ስለዚህ ሻጩ ፊት አፍተርበርነርን ራሳችሁ ክፈቱና ሪሴቱን ተጫኑ፤ ክብ ቀስት ያለባት ቁልፍ ናት። ፓወር ሊሚት 100፣ ኮርና ሜሞሪ ዜሮ (በኤንቪዲያ ካርድ)፣ ፋን አውቶ ላይ መሆናቸውን አይታችሁ፣ የማስነሻ ምልክቷን አጥፉና ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። የኤኤምዲ ካርድ ከሆነ አድሬናሊን የሚባለው የኤኤምዲ ፕሮግራም ውስጥም ገብታችሁ የቱኒንግ ገጹን ወደ ዲፎልት መልሱ፤ ተመሳሳይ ቅንብር እዚያም ሊደበቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ነው መሞከር። ካርዱን በሙሉ ጭነት የሚፈትነውን ፉርማርክን 15 ደቂቃ አስኪዱ፤ ሙቀቱንና ኃይሉን ያሳያችኋል። ሜሞሪውን ግን እሱ ብቻ አያጋልጠውም። ለሜሞሪው ኦሲሲቲ የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ያለውን የቪራም ቴስት አስኪዱ፤ የስህተቱ ቁጥር ዜሮ መሆን አለበት። አንድም ስህተት ከታየ ካርዱን ተዉት። «ትንሽ ነው» የሚባል የሜሞሪ ስህተት የለም።

ስክሪኑ ጥግ ላይ በሚታየው የካርድ ስምም አትታለሉ። አፍተርበርነር የሚያሳየውን ጽሑፍ ማንም ሰው ሞኒተሪንግ ገጹ ላይ ገብቶ የፈለገውን ስም ሊያደርገው ይችላል። ማንነቱን የምታዩት የካርዱን መረጃ በሚያነበው ጂፒዩ-ዜድ በሚባል ፕሮግራም ነው፤ ያውም በራሳችሁ ፍላሽ ይዛችሁ በሄዳችሁት። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ፕሮግራም ባዮሱ (ካርዱ ላይ ራሱ የተጫነው መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) ተቀይሮ ሌላ ስም የተሰጠውን የኤንቪዲያ ካርድ ሲያገኝ ከስሙ ፊት «ፌክ» የሚል ቃል ይለጥፍበታል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ የሚሸጥ አሮጌ ጂቲኤስ 450 ወይም ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ነው። እውነተኛው 1050 ቲአይ 768 ሻደር (ምስሉን የሚያሰሉ ትንንሽ ክፍሎች) አለው፤ እነዚያ ያላቸው 192 ብቻ ነው። ኋላው ላይ ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ ካያችሁ ሳትሰኩትም ጠርጥሩ፤ የ1050 ቲአይ ቺፕ የአናሎግ ምስል አያወጣም።

አርኤክስ 580 ላይ ያለው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ሙሉው ካርድ 2304 ሻደር ሲኖረው፣ ለቻይና ገበያ የወጣው 2048ኤስፒ የሚባለው፣ ስሙ እንደሚለው፣ 2048 ነው ያለው፤ አቅሙ ከአርኤክስ 570 ጋር ነው የሚመደበው። ካርዱ ራሱ ሐሰተኛ አይደለም፣ በሙሉው ዋጋ መሸጡ ነው ማጭበርበሩ። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በሴፕቴምበር 2022 እ.ኤ.አ. በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቆም ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ካርዶች ለሽያጭ ወጥተዋል፤ ከነዚህ አንዳንዶቹ ለዚሁ ማምረት (ማይኒንግ) ሲባል ባዮሳቸው ተቀይሯል። ይህን የአፍተርበርነር ሪሴት አያጠፋውም። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ሻጩ «ድራይቨሩ እንዲሠራ ይህን ፓች ማስኬድ አለብህ» ካለ ባዮሱ ተነክቷል ማለት ነው።

አፍተርበርነሩ ራሱ አልታዘዝ ቢላችሁ ካርዱን ወዲያው አትውቀሱ። መቆጣጠሪያዎቹ ፈዘው አልንቀሳቀስ ካሉ መጀመሪያ የተመረጠው ካርድ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የኢንቴል ግራፊክስ እንዳይሆን እዩ። ቀጥሎ ድራይቨሩ በትክክል መጫኑን አረጋግጡ። የቮልቴጁ ብቻ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ መክፈቻው አለ፤ ከፍታችሁትም ካልሠራ አምራቹ ቆልፎታል። «ቮልቴጅ እከፍታለሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ አትክፈሉ። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ ከኤምኤስአይ ገጽ ብቻ አውርዱት። ከሻጩ ፍላሽ አትቅዱ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ፕሮግራም አስመስለው ቫይረስ የሚያሰራጩ ገጾች ተጋልጠዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ለከተማችን፦ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ ከተሞች በስድስተኛ እጅ ገደማ ይሳሳል፣ ስለዚህ ያው ፋን በያው ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ዩቲዩብ ላይ ያያችሁትን ቁጥር እንዳለ አትገልብጡ። ካርዱ ጤነኛ ከሆነ ኮሩን በ15 ሜጋኸርዝ፣ ሜሞሪውን በ50 እየጨመራችሁ፣ በየመሐሉ እየሞከራችሁ ሂዱ።

ከካርዱ ጋር «በነፃ» የሚሰጣችሁን ከሳታ (ለሃርድ ዲስክ ከሚሆን የኃይል መሰኪያ) ወደ 8 ፒን የሚቀይር ገመድ አትጠቀሙ። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው 54 ዋት ነው፣ ባለ 8 ፒኑ እስከ 150 ዋት ሊጠይቅ ይችላል። ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። ፓወር ሳፕላያችሁ የራሱ ባለ 8 ፒን ገመድ ከሌለው ለአርኤክስ 580 አይሆንም ማለት ነው።

ገዝታችሁ የጨረሳችሁ ካላችሁ «ፓወር ሳፕላይህ ነው» የሚለውን ከመቀበላችሁ በፊት ለዩት። በጭነት ጊዜ ኮምፒውተሩ በሙሉ ድርግም ካለ ወይም ራሱን ሪስታርት ካደረገ ኃይሉን መጠርጠር ተገቢ ነው። ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ከመጣ ግን አፍተርበርነር ላይ ፓወር ሊሚቱን ሳትነኩ ሜሞሪውን ብቻ 400 ቀንሱ። ነጠብጣቡ ከጠፋ ጥፋቱ የካርዱ ሜሞሪ ነው። ሁለቱንም ሁኔታ፣ በዜሮና በማይነስ 400፣ የካርዱ ሴሪያል ቁጥር በሚታይበት ቪዲዮ ቅረጹና ሳትዘገዩ ለሻጩ ይዛችሁ ሂዱ። ገና ያልገዛችሁ ደግሞ ሞዴሉ፣ ሴሪያል ቁጥሩና የመመለሻ ቀኑ በወረቀት ሰፍሮ ሳይፈረም ብር አታስተላልፉ።