የአባቴን አይፖድ ላዳነልኝ፣ መገናኛ ሰፈር ላለው ቴክኒሻን

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። መሳቢያ ውስጥ የተኛ የድሮ አይፖድ (የአፕል ሙዚቃ ማጫወቻ) ያላችሁም፣ ከመጣላችሁ በፊት እሱ ጋ እንድትወስዱት ነው።

የአባቴ አይፖድ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው አምስተኛው ትውልድ፣ ባለ 30 ጊጋው ነጩ ነው። ታላቅ ወንድሜ የአባቴን ካሴቶች አንድ በአንድ ገልብጦ ጭኖለት ነበር። ካሴቶቹ ዛሬ የሉም። የተገለበጡበት ኮምፒውተርም ከሞተ ቆይቷል። ያ ሁሉ የድሮ ዘፈን፣ ከሬዲዮ የተቀዳው የመሰንቆ ጨዋታ፣ የአጎቴ ሰርግ ጭፈራ ሳይቀር፣ የቀረው እዚያች ዕቃ ውስጥ ብቻ ነበር።

አይፖዱ ድንገት ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ከዚያ ዘፈን እየቆረጠ ዝም ይላል። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ ያዘነ ፊት ያለው የአይፖድ ስዕል ወጣ። መጀመሪያ ያሳየሁት ሱቅ ሊከፍተው ቀርቶ በእጁ እንኳ ሳይዘው «ቦርዱ ሄዷል፣ ጣይው» አለኝ። አባቴ ይህን ሲሰማ ምሳውን አልጨረሰም።

መገናኛ ያለውን ቴክኒሻን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ልጁ ገና ወጣት ነው፤ ሱቁም ጠባብ ናት። ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት «ዘፈኑ ሌላ ቦታ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። «እንግዲያው መጀመሪያ ዘፈኑን እናውጣ፣ መክፈቱ ይደርሳል» አለ። ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ለዚህ ነው። ዕቃውን ሳይሆን በውስጡ ያለውን አስቀደመ።

ቀጥሎ አይፖዱን አጥፍቶ አስነሳውና፣ የአፕል ምልክት ሲመጣ የመሐሉን ቁልፍና ወደ ኋላ መመለሻውን አብሮ ተጫነ። የመመርመሪያ ገጽ ተከፈተ። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የመዘገበው ቁጥር እዚያ አለ። የተበላሹትንና ለመበላሸት የተቃረቡትን ቦታዎች ብዛት በጣቱ አሳየኝ። «ቦርዱ ደህና ነው፤ እየሞተ ያለው ዲስኩ ነው» አለ። ውስጡ ያለው እንደ ትልቅ ኮምፒውተር የሚሽከረከር ዲስክ ነው፤ ስፋቱ 1.8 ኢንች ብቻ። ሁልጊዜ ግን አይሽከረከርም። የተወሰነ ዘፈን ወደ ሜሞሪው ይጭንና ይቆማል፣ ያ ሲያልቅ እንደገና ይነሳል። ድምፁን አልፎ አልፎ ብቻ የምንሰማው ለካ ለዚህ ኖሯል።

በዲስክ ሞድ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እንደ ፍላሽ በሚያየው መንገድ፣ አስነስቶ ከኮምፒውተር ጋር አገናኘው። ዘፈኖቹ የተቀመጡት በተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው፤ የፋይሎቹም ስም ትርጉም የሌለው አራት ፊደል ነው። የዘፈኑና የዘፋኙ ስም ግን ፋይሉ ውስጥ ስላለ መልሶ በየስማቸው አስተካከላቸው። የሚያስቸግረውን እየዘለለ ጤነኛውን አስቀደመ፤ የቀረውን በኋላ ደጋግሞ ሞከረ። ጥቂት ዘፈኖች አልተረፉም። የትኞቹ እንደሆኑ ዝርዝራቸውን ጽፎ ሰጠኝ። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? እሱ ግን አልደበቀኝም።

ሌላ ያገለገለ ዲስክ ከመግጠም ይልቅ ሜሞሪ ካርድ የሚቀበል አዳፕተር እንዲገባ መከረኝ። የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ቢወድቅ እንደ ዲስክ አይጎዳም፣ ባትሪም ይቆጥባል። አዳፕተሩን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ላከችልኝ። ባለ 128 ጊጋ ካርድ ደግሞ እዚሁ ተገዛ። እሱ ግን ሳይፈትሽ አልገጠመውም። ላዩ ላይ 128 ተጽፎበት ውስጡ ከዚያ በጣም የሚያንስ ካርድ ገበያውን ስለሞላው፣ እስከ ጫፉ በፋይል ሞልቶ መልሶ አነበበው። ካርዱ አስመስሎ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ራሱ ሄዶ አስቀየረልኝ፤ የተቀየረውንም እንደገና ፈተሸው።

የከፈተው እዚያው ፊቴ ነው። በስስ ፕላስቲክ ጠርዙን ዞሮ መያዣዎቹን አንድ በአንድ አላቀቀ። ሽፋኑ ሲላቀቅ ጀርባውን በአንዴ አልጎተተውም። የባትሪውና የጆሮ ማዳመጫው ስስ ሪባን ገመዶች ከጀርባው ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የሚቸኩል ሰው ይበጥሳቸዋል። መቆለፊያቸውን ቀስ ብሎ አንስቶ አወጣቸው። ባትሪውም አርጅቶ ስለነበር አብሮ ቀየረው። ከዚያ በአይቲዩንስ፣ በአፕል የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ሪስቶር አድርጎ (የአይፖዱን ሶፍትዌር እንደ አዲስ ጭኖ) ዘፈኖቹን መለሰ። ካርዱ ሰፊ ነው ተብሎ እንዳይሞላም አስጠነቀቀኝ፤ የዚህ ሞዴል ራም (ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) 32 ሜጋ ብቻ ስለሆነ ዘፈን ሲበዛበት ይንቀራፈፋል።

ዕቃውን ልንወስድ አባቴን ይዤው ሄድኩ። ልጁ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለው። «አባባ፣ ዘፈኑን ፍላሽ ላይም አድርጌልዎታለሁ፤ አንዱ ቢጠፋ አንዱ አለልዎት» አለና አሮጌውን ዲስክ ጭምር በላስቲክ አድርጎ ሰጠው። አባቴ እጁን ይዞ «እጅህ ይባረክ ልጄ፣ እደግ ተመንደግ» ብሎ መረቀው። የጠየቀን የእጅ ዋጋም ስልክ ስክሪን ለማስቀየር ከምንከፍለው ያነሰ ነው።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ቤታችን እንደገና ዘፈን ይሰማል።

ስሙንና ስልኩን በይፋ እንዳልለጥፍ ጠይቆኛል፤ ሥራ ከአቅሙ በላይ እንዳይሆንበት ይመስለኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ የአይፖዱን የራሱን ሰፊ ባለ 30 ፒን ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። አዳፕተሩንም ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ቀድማችሁ አስልኩ፤ የትኛው ለየትኛው ሞዴል እንደሚሆን ግን ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ጠይቁት።