ፓይኖቹን ከቅርፊት ጥንዚዛ ለጠበቁልን ባለሙያዎች፣ ከልብ እናመሰግናለን

ዘንድሮ ፓይኖቻችን ላይ ቨርቤኖን የሚባለውን የጥንዚዛ ማባረሪያ ሽታ በከረጢት የሰቀሉትን የዛፍ እንክብካቤ ባለሙያዎች በአደባባይ ማመስገን ይገባናል። እጃችሁ ይባረክ! የተራራ ፓይን ጥንዚዛ በሚበርበት በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል ፓይን ያላችሁ ሁሉ እነሱን፣ ካልሆነም እንደ እነሱ የሚሠራ ሰው ፈልጉ። ከረጢት መስቀል ማንም ይችላል። ሥራው የሚበላሸው ከመስቀሉ በፊትና በኋላ ባለው ነገር ነው።

የመጀመሪያውን ቀን አንድም ከረጢት ሳይሰቅሉ፣ ከዛፍ ዛፍ እየዞሩ ግንድ ሲፈትሹ ዋሉ። ምክንያቱም ቨርቤኖን ጥንዚዛ አይገድልም። ጥንዚዛዎቹ አንድ ዛፍ ሲሞላ፣ ኋላ ለሚመጡት «እዚህ ቦታ የለም፣ እለፉ» የሚባባሉበት ሽታ ነው። አስቀድሞ ቅርፊቱ ሥር የገባውን ምንም አያደርገውም። የተያዘ ዛፍ መሃል ላይ ተትቶ ዙሪያው ከረጢት ቢሰቀል፣ ሐምሌ ላይ ከውስጡ የሚወጣው መንጋ ጎረቤቱን ዛፍ መውረሩ አይቀርም።

ቅጠሉ አረንጓዴ ነውና ደህና ነው ብሎ ማለፍ ትልቁ ስህተት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉ የሚቀላው ዛፉ በተያዘ በዓመቱ ነው። እነሱ የሚያዩት ሙጫውን ነው። ነጭ ወይም ክሬም ሆኖ መሃሉ ላይ ጥንዚዛ ተጣብቆ የሞተበት ከሆነ ዛፉ ተከላክሏል። ሙጫው ቀይ ቡኒ ሆኖ ሰጋቱራ ከተቀላቀለበት፣ በግንዱ ግርጌና በቅርፊቱ ስንጥቆች ውስጥም ደቃቅ ሰጋቱራ ከተጠራቀመ ግን ጥንዚዛው ገብቷል። ሲጠራጠሩ በሰንጢ ትንሽ ቅርፊት አንስተው አሳዩን፦ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ከታች እንደ ከዘራ እጀታ ቆልመም ያለ ቦይ፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ደግሞ ጥንዚዛው ተሸክሞት በመጣው ፈንገስ ሰማያዊ ግራጫ ሆኗል። እነዚያን ዛፎች ቆርጠው አጠገብ አልከመሩም። ቅርፊት ያለው ግንድ ውስጥ የጥንዚዛው እጭ ማደጉን ይቀጥላልና፣ የቻሉትን ልጠው የቀረውን ከበረራው በፊት ከቦታው አራቁት።

አሰቃቀሉ ላይ ጥንቃቄያቸው ያስቀናል። 7 ግራም ያህል ቨርቤኖን የያዙ ሁለት ከረጢቶች ለአንድ ዛፍ፣ ግንዱ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ለሚወፍር አራት፤ ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ ሁልጊዜ በሰሜን በኩል። ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ኬሚካሉ ቶሎ ተኖ ያልቃል፤ ከዚያም አልፎ ብርሃኑ ራሱ ቨርቤኖንን ጥንዚዛው ወደማይሰማው ሌላ ውህድ ይለውጠዋል። ስቴፕሉን የሚመቱት ባዶው የላይኛው ጠርዝ ላይ ብቻ ነው፤ ከረጢቱ ከተበሳ የወራቱ መድኃኒት ባጭር ጊዜ ፈስሶ ያልቃል። እስኪሰቀል ድረስ ቀዝቃዛ ሳጥን ውስጥ ያቆዩታል፣ ያለ ጓንትም አይነኩትም። ዛፎቹ በብዛት በሚገኙበት በኩል ደግሞ በየዛፉ መስቀሉን ትተው በየ10 ሜትሩ አንድ አደረጉ፤ በሄክታር 100 ያህል ከረጢት መሆኑ ነው። ነጥቡ ላይ ፓይን ከሌለ እንጨት ተክለው እሱ ላይ ይሰቅላሉ እንጂ ክፍተት አይተዉም።

በጣም የወደድንላቸው ግን እውነቱን መናገራቸው ነው። ቤቱ አጠገብ ያለውን ትልቁን ፓይን «እዚህ ላይ በከረጢት ብቻ አትመኑ» አሉን። የጥንዚዛው ብዛት ሲያይል ቨርቤኖን ይሸነፋል፤ እንዲህ ላለ አንድ ውድ ዛፍ ግንዱን አስቀድሞ ካርባሪል በሚባለው ፀረ ተባይ ማስረጨት ይሻላል። እሱም ቢሆን ንብንና የውሃ ውስጥ ፍጥረታትን ስለሚጎዳ ወንዝ ዳር አይረጩትም። ኤምሲኤች የሚባለውን ማባረሪያ «ለፓይንም ይሆናል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ። እሱ ዳግላስ ፈር የሚባለውን ሌላ ዛፍ የሚያጠቃው ጥንዚዛ መከላከያ ነው። ኢፕስ የሚባሉትን ትንንሾቹን የቅርፊት ጥንዚዛዎችም ቨርቤኖን ይመልሳቸዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። መሳቢያ ሽታ ያለው ወጥመድ እዚያው አካባቢ መስቀልማ ጭራሽ ጥንዚዛ መጋበዝ ነው።

ለመድረስ አስቸጋሪ በሆነው ዳገት ላይ በከረጢት ፋንታ በሲሊከን ሽጉጥ የሚለጠፈውን ቅባት ተጠቅመዋል። 10 በመቶ ቨርቤኖን ስላለው፣ 17.5 ግራም የሚመዝኑ አራት ልጥፎች ለአንድ ዛፍ 7 ግራም ይሰጣሉ። በራሱ ስለሚበሰብስ ተመልሶ መልቀም የለም። የፕላስቲክ ከረጢቶቹን ግን በረራው ሲያበቃ አንድ በአንድ ቆጥረው ሰብስበዋል። በመሃልም አንዴ ተመልሰው መጥተዋል፤ ሙቀት ሲበረታ ከረጢቱ ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላልና፣ የደረቁትን ለይተው ቀይረዋል።

ልታሠሯቸው የምታስቡ፣ ቅኝቱን በረራው እንዳበቃ በመስከረም ወይም በጥቅምት አስደርጉ፤ የተያዙትን ለማስወገድ ጊዜ ታገኛላችሁ። ከረጢቱ በየዓመቱ አዲስ ይሰቀላል፣ ሰኔ ሲገባ መሰቀል አለበት። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን።