አይብሬቪየሪ ለባሕር ዳር ሰው፦ የሮማ ሰዓታት በኪስ

ገዳም ሳይገቡ በቢሮ፣ በክፍል ወይም በጤና ጣቢያ እየሠሩ ራሳቸውን ለእግዚአብሔር ለሰጡ ካቶሊካውያን ለሰዓታት ጸሎት ደወል የሚደውልላቸው የለም። የምሥራቅ ካቶሊካውያን ሕግ ቀኖና 563 ራሱ የመነኮሳትን አኗኗር እንደማይከተሉ ይናገራል። ባጃጅ ውስጥ ወፍራም መጽሐፍ ከመግለጥ ስልክ ማየቱ ይሻላል፤ ዞር ብሎ የሚያይም የለም። አይብሬቪየሪ የሮማን ሥርዐት የሰዓታት ጸሎት በስልክ የሚያወጣ መተግበሪያ ነው፤ ነፃም ነው። ኔትወርክ ባለበት የነገውን ማታውኑ አውርዱት፤ ጠዋት መብራትም ኔትም ላይኖር ይችላል።

የቀኑን አምስቱንም የጸሎት ሰዓት ልያዝ ያለ ሠራተኛ በሳምንቱ ሁሉንም ይተዋል። የነግህና የሠርክ ይበቃሉ፤ ሳይቸኩሉ ለእያንዳንዳቸው ሩብ ሰዓት ያዙ። ጊዜ ከተረፈ የቀትሩን ጨምሩ። የጥንቱ የሦስት፣ የስድስትና የዘጠኝ ሰዓት ጸሎት ከእኛ ሰዓት አቆጣጠር ጋር አንድ ነው፤ የስልኩን ማንቂያ ግን ለስድስት ሰዓት 12:00 ላይ ሙሉት።

አማርኛም ግዕዝም የለውም። ለብቻ በእንግሊዝኛ ማንበብ ይቻላል፤ ሦስት አራት ሆኖ በዜማ ለመቀባበል ግን አይመችም። ያኔ መዝሙሩን ከዳዊት አንብቡ። በመተግበሪያው ከ11 እስከ 113 እና ከ117 እስከ 146 ካለው ቁጥር አንድ ቀንሱ፤ የመተግበሪያው 51 በዳዊት 50፣ ተሣሃለኒ፣ ነው። ከ114 እስከ 116 አከፋፈሉ ስለሚለያይ ቁጥሩን ትታችሁ ስንኙን ፈልጉ። በሮማው ቁጥር 58፣ 83 እና 109 (በዳዊት 57፣ 82 እና 108) ከሮማው ሰዓታት ወጥተዋል፤ ዳዊት ደጋሚ ወዲያው ይጎድለዋል።

ትልቁ ችግር ቀን መቁጠሪያው ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት የግዕዝ ሥርዐት ነው፤ መተግበሪያው የሮማን ይከተላል። በ2018 ዓ.ም. መጋቢት 27 ስልኩ የትንሣኤን ሃሌሉያ ሲያወጣ እዚህ ገና ሆሣዕና ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። በዚያ ዓመት ከሆሣዕና እስከ ጰራቅሊጦስ ቀኑን ሰባት ቀን ወደ ኋላ መልሳችሁ ክፈቱ። ልዩነቱ በየዓመቱ ስለሚቀያየር አስቀድማችሁ አስሉ። ለገና አሥራ ሦስት ቀን ትመልሳላችሁ፤ ነገር ግን የሳምንቱ ዕለት ስለሚዛነፍ በአራት ሳምንት የሚዞረው የመዝሙሩ ዙር ይበላሻል። ስለዚህ በገና ቀን ብቻ ተጠቀሙበትና በማግስቱ ወደ ተራው ዙር ተመለሱ።