የነዳጅ ጌጁ ሲዋሽ፦ ፍሎተሩን ማስተካከል ወይስ መቀየር?

አሮጌ ኮሮላ የሚነዳ ሰው ያውቀዋል። ቀስቱ ሩብ ላይ እያለ መኪናው መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዳሽቦርዱ ሳይሆን ታንኩ ውስጥ ያለው ፍሎተር ነው፤ ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ ባለው ክንድ የነዳጁን መጠን የሚለካው ዕቃ ማለት ነው። ከሁለቱም ምርጫ በፊት ግን የማሳ ሽቦውን፣ ከቦዲ ጋር የሚያያዘውን ማለቴ ነው፣ ፈታችሁ አጽዱት። በዝገት ብቻ የሚዋሽ ጌጅ ሞልቷል።

ወጪ፦ ማስተካከል የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። መቀየር ላይ ዕቃው ይጨመራል። መርካቶ ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው፣ ያገለገለ ብትፈልጉ እሱም ያለቀለት ሊሆን ይችላል፤ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሳትለኩ ገንዘብ አትክፈሉ።

አሠራር፦ መቀየር ፈትቶ ማሰር ነው። ማስተካከል ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ፍሎተሩ ወጥቶ ቴስተር ይታሰርበትና ክንዱ ቀስ ተብሎ ከታች ወደ ላይ ይነሳል። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ባዶ ላይ 110 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ)፣ ሙሉ ላይ 3 ኦም አካባቢ ያነባል። ቁጥሩ ሳይዘል ከወረደ ዕቃው ደህና ነው። ጌጁ አብዝቶ የሚያነብ ከሆነ ተንሳፋፊውን የያዘው ሽቦ በትንሹ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ክንዱ ዝቅ ስለሚል የጌጁ ንባብም ይወርዳል። አንዴ መልሶ፣ አይቶ፣ እንደገና ማውጣት አይቀርም።

አደጋ፦ በሁለቱም ታንክ ይከፈታል። ባትሪው ይነቀል፣ ሲጋራ የያዘ አይጠጋ።

ስህተቱ ሁሌም በተመሳሳይ መጠን ከሆነ ማስተካከል ያዋጣል። ቀስቱ የሚዘል ወይም አንድ ቦታ ላይ የሚሞት ከሆነ ግን ውስጡ ተበልቷል፤ ሽቦ ማጠፍ ድካም ነው። በመኪናው ክፍለ ሀገር የምትመላለሱ ከሆነም አዲሱን ግዙ።