ለአባዬ ውክልና ያስጻፍንበት ቢሮ

አባዬ 76 ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን ባሕር ዳር ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ጨርሰው ጡረታ ወጥተዋል። አንድ ቤት አላቸው፣ ግቢው ውስጥ የሚከራዩ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፣ ዘጌ ደግሞ ከአያቴ የቀረ ቡና አለ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ስም ይጠፋቸዋል። እኔን በእህቴ ስም ይጠሩኛል፣ ወዲያው ደግሞ ራሳቸው ያርማሉ። ሐኪሙ ገና ጅማሬው ነው ብሎናል።

እንግዲህ አእምሯቸው እያለ ውክልና ይጻፍ ተባባልን። ይህን ሐሳብ ያመጡት ራሳቸው ናቸው። እማዬ «ምን ያሟርታሉ?» ብላ ተቆጥታ ነበር። አባዬ ግን የአጎቴን ነገር አልረሱም።

አጎቴ ከሦስት ዓመት በፊት ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ወደቁ። ስትሮክ ነው። መናገርም መፈረምም አቃታቸው። የራሳቸው ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ባለቤታቸው የመድኃኒት ብር ከጎረቤት ሲበደሩ ከረሙ። የሚገርመው ልጃቸው እጅ ውክልና ነበረ። ባንኩ የሰውየውን ሁኔታ ሲሰማ «በዚህ አንከፍልም» አለ። ያን ጊዜ በጣም ተናደድኩ። ቤተሰቡ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ ክልከላ፣ ማለትም ሰውየው ራሱን ማስተዳደር አይችልም የሚል ውሳኔ፣ ጠይቆ፣ የሐኪም ማስረጃ አቅርቦ ሞግዚት እስኪሾም ድረስ ሰባት ወር ሄደ። ሰባት ወር ሙሉ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ፣ ገንዘቡም አለ፣ የሚነካው ግን የለም።

ባንኩ ለምን እንቢ እንዳለ የገባኝ አሁን፣ ከዚህች ጠበቃ ነው። ቢሮዋ ከጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን ብዙ አይርቅም። ወጣት ናት። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጣ ቁጥር 2232ን አነበበችልን። ውክልና የሰጠው ሰው ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ፣ ማለትም በሕግ ፊት ለራሱ መወሰን የማይችል ሲሆን፣ ውክልናው ይቀራል ይላል። ሰዉ ግን ውክልና የሚያስጽፈው ለዚያ ክፉ ቀን ብሎ ነው! ክፉው ቀን ሲመጣ ወረቀቱ ይሞታል ማለት ነው። የአጎቴ ወረቀት የሞተው እንዲህ ነው።

ግን አንቀጹ «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የሚል ቃል አለው። ጠበቃዋ ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈች። «አባባ፣ እኛ የምንገባው በዚህች በኩል ነው» አለቻቸው። ከዚያም አባዬ በሕመም ወይም በእርጅና ችሎታ ቢያጡም ውክልናው ጸንቶ እንደሚቆይ በግልጽ ጻፈች። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። በአጎቴ ወረቀት ላይ ብትኖር ኖሮ ልጃቸው ባንኩን የሚሞግትበት ነገር ይኖረው ነበር።

ሥራዋን የወደድኩት ግን ከዚያ በፊት ነው። ገና እንደገባን እኔን ውጭ እንድጠብቅ አደረገችኝ። ቅር አለኝ፣ አልዋሽም። እኔ ልጃቸው ነኝ፣ ያመጣኋቸውም እኔ ነኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከአባዬ ጋር ብቻቸውን አወሩ። ለካስ ማንም ሳያስፈራራቸው፣ ማንም ሳይጎተጉታቸው የልባቸውን እንዲናገሩ ነው። በኋላ «ነገ ወንድምሽ አባቴን አታልላ አስፈረመችው ቢል ምን ትመልሻለሽ?» ስትለኝ ቅሬታዬ ጠፋ። አእምሯቸው ጤነኛ እንደሆነ የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት በዚያው ሳምንት እንድናወጣ የመከረችንም ለዚሁ ነው።

ጠቅላላ ውክልና ሲባል እኔ ሁሉን ያስችላል ብዬ ነበር የማስበው። አይደለም። ማስተዳደር ብቻ ነው። ኪራይ መሰብሰብ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ማሳደስ፣ ዕዳ መክፈል፣ ሰብል መሸጥ ይቻላል። የዘጌው ቡና ለቅሞ መሸጥ በዚህ ይሸፈናል። ቤት መሸጥ፣ በቤት መያዣ መበደር፣ ፍርድ ቤት መክሰስ ግን እያንዳንዱ በስሙ ተጠርቶ ካልተጻፈ አይሆንም። አባዬ የቤቱ ሽያጭ እንዳይገባ አሉ። «እናታችሁ በሕይወት እያለች ቤቱ አይነካም» ብለው ጨረሱ። ክስ ግን ይግባ አሉ፣ አንድ ክፍሉን አለቅም ያለ ተከራይ ገጥሞን ስለሚያውቅ። የባንክ ሒሳባቸውም ከነቁጥሩ ተጻፈ።

ተወካይዋ እኔ ነኝ። ሒሳቡን በየስድስት ወሩ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ በጽሑፍ ላሳውቅ ወረቀቱ ያዘኛል። ይህንንም ያመጣችው ጠበቃዋ ናት፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። አባዬ «ሐሳቤን ብቀይርስ?» ብለው ሲጠይቁ በፈለጉ ጊዜ መሻር እንደሚችሉ፣ ለዘለዓለም ነው ብለው ቢፈርሙ እንኳ ያ እንደማያስራቸው ነገረቻቸው። ትከሻቸው ዘና ሲል አየሁ።

አሁን ጉድለቱን ልናገር። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ለሽማግሌ የሚሠራ ቢሮ እዚያ መሆኑ አሳዝኖኛል። አባዬ ሁለት ጊዜ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አረፉ። ከሰዓት በኋላ ስልክ አይነሳም። የአያቴ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ተጽፎ ሰነድ ማረጋገጫው መስኮት ላይ ሲታወቅ መልሰውን በማግስቱ እንደገና ሄድን። ስሙን ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል ሳታስተያዩ ከቢሮው አትውጡ። የጠበቃዋ ክፍያ 3,500 ብር ነው፣ የማረጋገጫው ለብቻ ይከፈላል። እኔ አልበዛብኝም።

ሰነድ ማረጋገጫ ላይ ሠራተኛው እኔን አላናገረኝም። አባዬን ነበር የጠየቀው። ማን ነዎት፣ ለማን ነው የሚሰጡት፣ ወደው ነው ወይ? አባዬ ስሜን ሳይሳሳቱ ጠሩ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ፈረሙ። ስወጣ እንባዬ መጣ።

ወረቀቱ አሁን ከይዞታ ካርታው ጋር ሳጥን ውስጥ ነው። ቅጂው ወንድሜ ጋ ደርሷል። ከሞት በኋላ ላለው ይህ አይሠራም፣ እሱ ኑዛዜ ይፈልጋል። የእማዬም ድርሻ የራሷን ውክልና ይፈልጋል። ያችው ሟርት ያለችው እማዬ ትናንት ማታ ቡና እያፈላች «ሦስተኛ ፎቅ ነው ያልሽው?» አለችኝ። ማክሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ይዤላታለሁ።